የአረፋ በዓል በአጅባር፤ ስለ ትርጓሜውና ስለ አከባበሩ በተጻፈው ላይ የቀረበ ሒስ

፩

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የአረፋን በዓል እንደገና መግለጽ አይደለም። በወሎ ስለሚከበሩት የእስልምና በዓላት መግለጫ አልጠፋም፤ የጎደለው የመግለጫው ምርመራ ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ሕጉ ስለ በዓሉ ምን እንደሚል በአጭሩ አመለክታለሁ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ስለ ወሎ እስልምና የጻፉት ሊቃውንትና እኛ የእነርሱ ተማሪዎች ይህንኑ በዓል ስንተረጕም በምን ላይ እንደ ሳትን ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌዬ የአማራ ሳይንት ከተማ አጅባር ናት።

አስቀድሞ ግን የራሴን ስሕተት መናገር ይገባኛል። ለትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ ስለ አገሬ በዓላት አንድ አጭር ድርሰት እንድጽፍ ታዘዝሁ። በእናቴ ወገን እስላም፣ በአባቴ ወገን ክርስቲያን ዘመድ ያለኝ የሳይንት ሰው ነኝና፣ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም ብዬ አሰብሁ። ከአረፋ ዕርድ ሢሶው ለቤተ ሰብ፣ ሢሶው ለድኻ፣ ሢሶው ለጎረቤት እንደሚከፈል ጻፍሁ። ጥቂት ዝቅ ብዬም በአገራችን እስላምና ክርስቲያን በጕርብትና ተቀላቅለው እንደሚኖሩ፣ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሥጋ እንደማይበላ ጻፍሁ። መምህሬ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች በቀይ አስምሮ በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈልኝ፤ «ጎረቤቱ የማይበላው ከሆነ የጎረቤቱ ሢሶ ወዴት ይሄዳል?» መልስ አልነበረኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ በዐይኔ ያየሁትን ነገር በልቤ አላስተዋልሁትም ነበር። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

፪

አረፋ በሒጅራ አቆጣጠር በዙልሒጃ ወር በ10ኛው ቀን የሚውለው የዒድ አል አድሐ፣ ማለት የዕርድ በዓል፣ የአገራችን ስም ነው። ስሙ ራሱ ምርመራ ይሻል። ዐረፋ በመካ አጠገብ ያለ ሜዳ ነው፤ ሐጅ አድራጊዎች በዚያ የሚቆሙትም ከበዓሉ በፊት በ9ኛው ቀን ነው። እንግዲህ የእኛ ሰው በዓሉን የሚጠራው በዋዜማው ስም ነው ማለት ነው። ቱርኮች በዓሉን የቁርባን በዓል ይሉታል፤ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ታባስኪ ይሉታል፤ በብዙ የዐረብ አገርም ታላቁ ዒድ ይባላል። የእኛን አጠራር እንደ አለማወቅ የሚቈጥሩት አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። መካ ያልደረሰ ሰው በ9ኛው ቀን ቢጾም የተወደደ ሥራ መሆኑን ሕጉ ያስተምራል፤ በሜዳው የቆሙትንና በቤቱ የቀረውን ሰው የሚያገናኛቸውም ይህ ቀን ነው። ከደጋው ወደ መካ መድረስ የታደለው ሰው ምን ጊዜም ጥቂት ነበረና፣ በዓሉን በቆሙት ሰዎች ሜዳ መሰየም የቀሪው ሕዝብ የናፍቆት አጠራር ይመስለኛል።

የበዓሉ መሠረት የአብርሃም ታሪክ ነው። በቁርኣን በ37ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረው ኢብራሂም ልጁን ሊሠዋ በሕልሙ ታዘዘ፤ ልጁም እሺ አለ፤ አባትና ልጅ ፈቃዳቸውን ካሳዩ በኋላ በልጁ ፋንታ ቤዛ ተሰጠ። ምዕራፉ የልጁን ስም አይጠራም፤ አብዛኞቹ የእስልምና ተርጓሚዎች ኢስማዒል ነው ይላሉ፤ ክርስቲያኑ ደግሞ ከኦሪት እንደ ተማረው ይስሐቅ መሆኑን ያውቃል። አንድ ታሪክ፣ ሁለት ልጅ። ከዚህ ይልቅ ለነገራችን የሚጠቅመው በ22ኛው ምዕራፍ ያለው አሳብ ነው። በዚያ የተሰጠው ትምህርት ከዕርዱ ሥጋውም ደሙም ወደ አምላክ አይደርስም፤ የሚደርሰው የሰውዬው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው የሚል ነው። ሥጋው ወደ ላይ የማይወጣ ከሆነ በምድር መከፋፈል አለበት፤ የሢሶው ነገርም ከዚህ ይመነጫል።

የዕርዱ ሕግ፣ ዑድሒያ የሚባለው፣ ቍርጥ ያለ ነው። ከዒድ ሰላት በፊት የታረደ ሥጋ ነው እንጂ ዑድሒያ አይደለም። በግ ወይም ፍየል ለአንድ ቤት ይበቃል፤ በሬ ወይም ግመል ሰባት ሰዎች ይጋሩታል። ዕውር፣ አንካሳ፣ በሽተኛና መቅኔው የደረቀ ከሲታ እንስሳ አይሆንም፤ መኰላሸት ግን እንደ ጕድለት አይቈጠርም፤ ስለዚህ የደጋው ሰው የሚመካበት ሙክት ተቀባይነት አለው። ቆዳው አይሸጥም፤ ለአራጁም የድካም ዋጋ ተደርጎ አይሰጥም። በወሎ የሚታወቁት ሁለቱ የሕግ ትምህርቶች በአንዳንድ ነገር ይለያያሉ። ሐነፊዎች ዕርዱን አቅም ባለው ሰው ላይ ግዴታ ያደርጉታል፤ ጊዜውንም 3 ቀን ይሉታል። ሻፊዒዎች የጠነከረ ሱና ነው ይላሉ፤ ጊዜውንም እስከ 13ኛው ቀን ድረስ 4 ቀን ያደርሱታል። በሦስት መከፈሉ የተወደደ ልማድ ነው እንጂ በሚዛን የሚለካ ግዴታ አይደለም። ከዚህ ሥጋ እስላም ላልሆነ ጎረቤት መስጠትን ሐነፊዎች ይፈቅዳሉ፤ በሻፊዒዎች ዘንድ ግን ክርክር አለበት።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ በዓሉን ከሕጉ ለይተው የሚያዩ ጸሓፊዎች ሕዝቡ ሕጉን ምን ያህል ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ሳያዩ ያልፋሉ።

፫

በዚህ ረገድ ሦስት ሥራዎችን እመለከታለሁ።

የመጀመሪያው የጄ. ስፔንሰር ትሪሚንግሐም «እስልምና በኢትዮጵያ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በሱዳን በሚሲዮን ሥራ የነበረ ሰው ነው። መጽሐፉ ለብዙ ጊዜ ብቸኛው ሰፊ መመሪያ ሆኖ ስላገለገለ ውለታውን መካድ አይገባም። ነገር ግን የወሎንና የመሰሉትን አገሮች እስልምና ሲመለከት፣ ከመጽሐፍ የተማረውን እስልምና እንደ ሚዛን ይዞ፣ በሚዛኑ ላይ ያልገባውን ሁሉ የጥንት አምልኮ ቅሪት ወደ ማለት ያዘነብላል። የዚህ አካሄድ ጕድለት ግልጽ ነው። ቅሪት የሚለው ቃል ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ የሚናገር ይመስላል እንጂ ዛሬ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። የቡናው ረከቦት፣ የጫቱ ዱዓ፣ የጎረቤቱ መጠራት ሁሉ በአንድ ከረጢት ውስጥ ገብተው ይታሰራሉ፤ ከረጢቱም ይዘጋል።

ሁለተኛው የፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ሥራ ነው። እኚህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ እስልምና የተጻፈውን ታሪክ መርምረው የትሪሚንግሐምን አካሄድ ነቅፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ስለ 19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍም ነቀፋቸውን በሥራ አስመስክረዋል። የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችንና የሽማግሌዎችን ቃል አስተባብረው፣ የወሎ ሸኾች የተማሩና ያስተማሩ፣ የቃዲሪያንና የሌሎችን የሱፊ መንገዶች ያስፋፉ፣ ከመንግሥትም ጋር የተከራከሩ ሊቃውንት እንደ ነበሩ አሳይተዋል። ከዚህ በኋላ የወሎን እስልምና «ላይ ላዩን» ብሎ መጻፍ ለማንም አይፈቀድለትም። ነገር ግን መጽሐፉ የሊቃውንትና የማዕከሎቻቸው ታሪክ ነው፤ ሸኽ ያልሆነው ሰው በቤቱ ውስጥ በበዓል ቀን የሚያደርገው ነገር የመጽሐፉ ጉዳይ አልነበረም። ለእኛ የተተወልን ሥራ ይኸ ነው።

ሦስተኛው የፈረንሳዊው የኤሎአ ፊኬ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ነው። በኢትዮጵያ ሥጋ የክርስቲያንና የእስላም ድንበር ምልክት መሆኑን የሚያስረዳ ነው። ከሦስቱ ለጥያቄዬ የሚቀርበው ይህ ነው። በእርግጥም ጉዳዩ አስደናቂ ነው፤ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለእስላም የተፈቀደ መሆኑን ቁርኣን በ5ኛው ምዕራፍ ይናገራልና፣ የኢትዮጵያ እስላም ክርስቲያን ያረደውን አለመብላቱ ከዚህ ቃል ብቻ የመጣ ሊሆን አይችልም። በክርስቲያኑም በኩል የእስላምን ሥጋ የበላ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቈጠራል። እንግዲህ ድንበሩን የተከለው ታሪክ ነው። በወሎ ይህን ታሪክ ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ሸኽ ጦልሓን የመሰሉት እምቢ ብለው ተዋጉ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። እንዲህ ባለው ዘመን የቀረበለትን ሥጋ መብላትና አለመብላት የሰውየውን ልብ የሚገልጥ ምስክር ሆነ።

ፊኬ ድንበሩን በሚገባ አሳይቶናል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ድንበር መኖሩን ማወቅ፣ በድንበሩ ላይ ምን እንደሚተላለፍ ማወቅ አይደለም። የእርሻ ድንበር ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች በድንበሩ ምክንያት ይጣሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ውኃ የሚካፈሉትም በዚያው ድንበር ላይ ነው።

፬

አጅባር በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተደቡብ የደንቆሮ ደን ያለበት የቦረና አገርና ከተማው መካነ ሰላም ይገኛሉ። አገሩ ተድባበ ማርያምን የያዘ አገር ነውና በክርስትና ታሪክ ስሙ ከፍ ያለ ነው፤ በአጅባር ዙሪያም ክርስቲያኑ ይበዛል። ወደ ለጋምቦና ወደ ከላላ ሲሻገሩ ግን እስላሙ ይበዛል። ስለዚህ በአጅባር የሚኖር እስላም አረፋን የሚያከብረው ጎረቤቱ በአብዛኛው ክርስቲያን በሆነበት ስፍራ ነው። ስለ ሢሶው የተነሣው ጥያቄ በለጋምቦ ተራ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ በአጅባር ግን የበዓሉ ዋና ጥያቄ ነው።

ጧት ሕዝቡ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ተክቢራ እያሰማ ወደ ሰላቱ ሜዳ ይወጣል። መካ ለዚህ አገር በሰሜን በኩል ነውና ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ይሰግዳል። ከሰላቱና ከኹጥባው በኋላ ወደየቤቱ ተመልሶ ዕርዱ ይፈጸማል፤ እንስሳው ወደዚያው ወደ ሰሜን ዞሮ፣ የአምላክ ስም ተጠርቶበት ይታረዳል። እስከዚህ ድረስ ያለው ከመካ እስከ ጃካርታ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዕርዱ በኋላ፣ ከቀትር በፊት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ከትምህርት ተመልሼ አንድ ዓመት ለአረፋ ወደ አጅባር በሄድሁ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የቤተ ሰባችን ወዳጅ ቤት ገባሁ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ የመምህሬን ጥያቄ እንዲህ ብዬ አቀረብሁላቸው።

«አባቴ፣ ሕጉ ከዕርዱ ለጎረቤት ስጡ ይላል። የእርስዎ ጎረቤቶች ደግሞ ክርስቲያኖች ናቸው። እንግዲህ የእነርሱ ድርሻ ወዴት ይሄዳል?»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ሊጠይቁህ ነው ያን ያህል ርቀህ የሄድኸው?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሥጋውን ለሚበላው እሰጣለሁ። ለማይበላው የሚበላውን እሰጣለሁ። ሥጋው ሲሶ ይሁን እኩሌታ አላህ ያውቃል፤ እኔ የማውቀው በዚህ ቀን ከደጄ ባዶ አፉን የሚመለስ ጎረቤት እንደሌለኝ ነው» አሉ።

መልሱ ቀላል ይመስላል። ወጥ ቤቱን ያየ ሰው ግን ቀላል አለመሆኑን ይረዳል። በዚያ ቀን በዚያ ቤት ሁለት ምድጃ ይነድድ ነበር። በአንዱ የዕርዱ ሥጋ ይበስላል። በሁለተኛው አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ከቤቷ ባመጣችው ድስት፣ በራሷ ማማሰያ፣ ሥጋ ያልነካውን ወጥ ትሠራ ነበር። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ሽንኵርቱና ቅመሙ የባለቤቱ ነው፤ ድስቱና እጁ የጎረቤቷ ነው። ጎረቤቶቹ ሲመጡ የሚቀርብላቸው እርሷ የሠራችው ነው፤ ማን እንደ ሠራውም ያውቃሉ። ቡናው ግን አንድ ነው፤ ከአንድ ጀበና ይቀዳል፤ ምርቃቱን ሁሉም አንድ ላይ አሜን ይለዋል። አቅም ያለው ሰው ደግሞ፣ በተለይ ትልቅ ድግስ ሲሆን፣ ለክርስቲያን ወዳጆቹ በግ ወይም ፍየል ነፍሱ ሳይወጣ አሳልፎ ይሰጣል፤ እነርሱም በስመ አብ ብለው በራሳቸው ቢላዋ ያርዱታል። በገናና በፋሲካም ይህ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ይደገማል፤ ክርስቲያኑ ለእስላም ወዳጁ ድስቱን ይለያል፣ የእስላም አራጅ ይጠራል።

በዚህ ላይ ትሪሚንግሐም ቢኖር ምን ይል ነበር? የተደባለቀ ሃይማኖት ይል ይሆናል። ነገር ግን የተደባለቀው ነገር ምን እንደሆነ አሳዩኝ ብንለው ማሳየት አይችልም። ሥጋው አልተደባለቀም፤ ድስቱ አልተደባለቀም፤ ቢላዋው አልተደባለቀም፤ የተጠራበት ስም አልተደባለቀም። ሽማግሌውን ስለ በጉ ጠይቄአቸው ነበር፤ ለክርስቲያኑ በነፍሱ የተሰጠው በግ ዑድሒያ ነውን? «አይደለም» አሉኝ፤ «ዑድሒያዬ ከሰላት በኋላ በእጄ ያረድሁት ነው። ያ ስጦታ ነው፤ ስጦታም ደግ ነገር ነው።» በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሕግ መጽሐፍ አለ። ዑድሒያ ሌላ፣ ስጦታ ሌላ፣ ሰደቃም ሌላ መሆኑን፣ አንዱ በሌላው ስም ሊጠራ እንደማይገባ ያውቃሉ። ሕጉን ስለ ጣሰ ሳይሆን ሕጉን ስለ ጠበቀ ነው ለጎረቤቱ ሌላ መንገድ የፈለገው። ድንበሩም የተሻገረው በመፍረሱ አይደለም፤ በታወቀ በር በኩል ነው።

፭

እስካሁን ያልኩት የአንድ ዓመት አረፋ ነው። ጉዳዩ ይበልጥ የሚጠልቀው የዓመታቱን ቅደም ተከተል ስንመለከት ነው፤ ከዚህ ቀደም የተጻፉት የበዓል መግለጫዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያልፉትም ይህን ነው።

የሒጅራ ዓመት የጨረቃ ዓመት ስለሆነ 354 ቀን ያህል ነው፤ ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። ስለዚህ አረፋ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሄደ በ33 ዓመት ገደማ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። በአንድ ዘመን አዝመራ ከገባ በኋላ ጎተራ ሲሞላ ይውላል፤ በሌላ ዘመን በክረምት፣ እህል ባለቀበትና በጉም በከሳበት ጊዜ ይውላል። ከሲታ እንስሳ እንዳይታረድ የሚከለክለው ሕግ በጥር ላይና በሐምሌ ላይ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም።

ለእኛ ጥያቄ የሚበልጠው ግን የጾሙ ነገር ነው። ሦስት ተከታታይ ዓመታትን እንመልከት። በ2015 ዓ.ም. አረፋ ረቡዕ ሰኔ 21 ቀን ዋለ። ዕለቱ ረቡዕ ከመሆኑም በላይ በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት ለጾመኛው ጎረቤት ከሥጋው ሌላ ወተቱም ቅቤውም የተከለከለ ነበርና፣ ወጡ በዘይት መሠራት ነበረበት፤ የሚጋበዝበትም ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ መገፋት ነበረበት። በ2016 ዓ.ም. እሑድ ሰኔ 9 ቀን ዋለ። ፋሲካ ዘግይቶ ሚያዝያ 27 ቀን ውሎ ስለ ነበር ዕለቱ በበዓለ ኃምሳ ውስጥ ነበር፤ ጾም የለም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዓርብ ግንቦት 29 ቀን ዋለ። ዓርብ ነውና ያላወቀ ሰው ጾም ነው ብሎ ወተቱን ይከለክላል፤ ነገር ግን ዕለቱ በበዓለ ኃምሳ ውስጥ ስለ ነበር ዓርቡ አይጾምም። የእንግዳዋን ቅቤ በዚያ ቀን መከልከል ስስት ይሆን ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ማቅረብ ግን ድፍረት ይሆን ነበር። አሁን ባለው አካሄድም በዓሉ በ2022 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዐቢይ ጾም ይገባል።

እንግዲህ በአጅባር አረፋን በሚገባ ለማክበር አንዲት እስላም የቤት እመቤት ምን ማወቅ አለባት? የራሷን ጨረቃ ማወቅ አለባት፤ ከዚያም በላይ የፋሲካን መዋያ፣ የሰኔን ጾም መግቢያ፣ የበዓለ ኃምሳንም ሕግ ማወቅ አለባት። ክርስቲያን ጎረቤቷም በበኩሏ ረመዳን መቼ እንደሚገባ፣ በ9ኛው የዙልሒጃ ቀን ጎረቤቷ ጾመኛ ልትሆን እንደምትችል፣ በዚያም ቀን በቀትር ቡና ጠጪ ብሎ መጥራት እንደማይገባ ታውቃለች። ባሕረ ሐሳብን የሚያስተምሩ ሊቃውንት አሉን፤ የጨረቃን አቆጣጠር የሚያውቁ ሸኾችም አሉን። ሁለቱን በአንድ ልብ ይዛ በዓመት ብዙ ጊዜ ስታስማማ የምትውለው ግን ወጥ ቤት ያለችው ሴት ናት፤ ይህም ዕውቀት በአንድም የጥናት ጽሑፍ ውስጥ በዕውቀት ስም ሲጠራ አላየሁም።

፮

ከዚህ ተነሥቼ በዘመናችን በጽሑፍም በንግግርም እጅግ የተለመደውን «መቻቻል» የሚለውን ቃል መንቀፍ እወዳለሁ። የወሎ ስም በተነሣ ቍጥር ቃሉ ይከተላል፤ የተማሪዎቻችንም ማስታወሻ ብዙ ጊዜ በእርሱ ይጀምርና በእርሱ ያልቃል። የቃሉን ሥር እንመልከት። ቻለ ማለት ሸክምን ተሸከመ፣ መከራን ታገሠ ማለት ነው። የሚቻል ነገር የሚከብድ ነገር ነው፤ ሰው ጥርስ ሕመምን ይችላል፤ ክፉ ጎረቤትን ይችላል። እንግዲህ ተቻቻሉ ማለት አንዱ ሌላውን እንደ ሸክም ተሸከመው ማለት ነው። ከላይ ያየናት ሴት ጎረቤቷን የምትችላት ናትን? አይደለችም። ጾሟን ታሰላላታለች፤ ድስቷን ታስገባላታለች፤ ወተቱን ታስቀምጥላታለች ወይም ትከለክልላታለች። ይህ መታገሥ አይደለም፤ ሥራ ነው። ቃሉ ሥራውን ይሸፍነዋል፤ ሥራው ከተሸፈነም በኋላ መልካሙ ነገር ሁሉ ከወሎ አፈርና ውኃ በራሱ የበቀለ ይመስላል። በራሱ የሚበቅል ነገር ደግሞ እንክብካቤ አይሻምና፣ ሲደርቅ የሚያውቅበት የለም።

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ፣ ያለፈውን ማሳመር አሳቤ አይደለም። ከቦሩ ሜዳ በኋላ የሆነውን ከላይ ጠቅሻለሁ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የአንዱ ወገን በዓል የመንግሥት በዓል ሆኖ የሌላው ወገን በዓል በየቤቱ ብቻ የሚከበርበት ረጅም ጊዜ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ እስላሞች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻቸው በሕግ እንዲታወቁ ነበር፤ ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድም የሕዝብ በዓል ሆነው የታወቁት ከዚያ በኋላ በደርግ ጊዜ ነው። በአጅባር ግን ክርስቲያኑ ጎረቤት አረፋን ከመንግሥት በፊት ያውቀው ነበር። ይህ ለጎረቤቱ ምስጋና ነው፤ ለመንግሥቱ ግን ምስጋና አይደለም። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መያዝ የሚያቅተው ጸሓፊ ወይ ውዳሴ ወይ ክስ ይጽፋል እንጂ ጥናት አይጽፍም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር አለ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በእስልምናው ውስጥ ወደ መጽሐፉ ብቻ እንመለስ የሚል ትምህርት ተስፋፍቷል፤ በክርስትናውም በኩል ሥርዓትን የሚያጠብቁ ማኅበራት በርትተዋል። በመውሊድ፣ በወዳጃና በሸኾች መቃብር ጉብኝት ላይ የሚደረገው ክርክር የታወቀ ነው። አረፋ ከእነዚህ ይለያል፤ አሮጌውም አዲሱም ትምህርት የሚቀበለው በዓል ነውና በመከበሩ ላይ ክርክር የለም። ስለዚህም ጥያቄውን አጥርቶ ለማየት የተሻለ ስፍራ ነው። ሁለተኛው ምድጃ በየቤቱ ሲጠፋ ብናይ፣ የጠፋው ሕግ ስለ ከለከለው ነው ማለት አንችልም፤ ከላይ እንዳሳየሁት ሕጉ አልጣሰምና። የሚጠፋው የሚያውቀው ሰው ሲጠፋ ነው። ወደ ከተማ የሄደች ልጅ የጎረቤቷን ጾም የምትማርበት ምክንያት የላትም፤ እናቷም እንደ ትምህርት ቈጥራ አላስተማረቻትም፤ እኛም እንደ ዕውቀት ቈጥረን አልጻፍነውም።

፯

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን አንድ ምክር አቀርባለሁ። ስለ በዓል ስትጽፉ የታረደውን ብቻ አትጻፉ። ዕለቱ በሁለቱም አቆጣጠር መቼ እንደ ዋለ፣ በጾም ውስጥ ይሁን በፍስክ፣ ስንት ምድጃ እንደ ነደደ፣ ድስቱ የማን እንደ ነበረ፣ ያበሰለችው ማን እንደ ሆነች፣ ወደ ማን ቤት ምን እንደ ተላከ፣ ከዚያ ቤትስ በየትኛው በዓል ምን እንደ ተመለሰ ጻፉ። «መቻቻል» የሚለውን ቃል ለመጻፍ እጃችሁ ሲነሣ፣ በእርሱ ፋንታ ያያችሁትን ሥራ ጻፉ። ቃሉ የሚያስፈልግ ከሆነ በኋላ አንባቢው ራሱ ይጨምረዋል።

የመምህሬ ጥያቄ ወዴት ይሄዳል የሚል ነበር። አሁን መመለስ የምችል ይመስለኛል። የጎረቤቱ ሢሶ በአጅባር ሥጋ ሆኖ አይሄድም፤ ሽሮ ሆኖ፣ በነፍሱ ያለ በግ ሆኖ፣ በዓርብ ቀን የተፈቀደ ወተት ሆኖ ይሄዳል። ሥጋውና ደሙ ወደ አምላክ የማይደርስ ከሆነ፣ ወደ ጎረቤትም የግድ በሥጋ መድረስ የለበትም። ይህን ያስተማሩኝ ሽማግሌ እንዳሉት፣ ዋናው ነገር በዚያ ቀን ከደጅ ባዶ አፉን የሚመለስ አለመኖሩ ነው።